ሁለት ግራ እግር

ሰኞ
ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል። ይበል! የደመወዝተኛ ወንበር ነው። ስድስት ዓመት አልጋዬ ጫፍ ላይ ላፕቶፕ ታቅፌ በግሌ ስሠራ ኖሬ፣ ዛሬ መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ያለ ማተሚያ ቤት በካርቶን ዲዛይነርነት ሥራ ጀመርኩ። ያገኘሁት፦ ወንበር፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር፣ የሚያስፈራ ፎቶ ያለበት ባጅ። የቀረብኝ፦ የጠዋት እንቅልፍ። እማዬ "ተመስገን፣ ከእንግዲህ የሰው ደጅ አትጠኚም" አለች። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ እንዳለብኝ አልነገርኳትም።

አለቃዬ እትዬ ዘነበች ናቸው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ማንኛውም ሥራ ማሽን ላይ ከመውጣቱ በፊት ናሙናው ላይ ደንበኛው ይፈርማል፣ ዲዛይነሩም ስሙን ጽፎ ይፈርማል። እስከ ዛሬ ስሜ የትም ሥራ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ማክሰኞ
ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጋሽ ደምሴ! የዱባይ ተራው ጫማ አከፋፋይ። (ፊት ለፊት አንቱ እላለሁ፣ ደብተሬ ላይ ግን አልለውም።) አምና ለጫማ ካርቶን ሥዕል ፈልጎ "እስቲ ናሙና አሳዪኝ" አለኝ። ጥንዱን ስዬ ነበር፤ የላክሁለት ግን ግራውን ብቻ ነው። "አልወደድኩትም" አለ። በወሩ ያቺው የሳልኳት ጫማ በትልቁ ታትማ ሱቁ በር ላይ ተሰቅላ አየኋት። ስጠይቀው "አማቼ ነው የሳለው፣ አንቺ ደግሞ ማነሽ?" ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዛሬ አላወቀኝም። አማቹ የሠራውን ካርቶን በፍላሽ ይዞ ሊያሳትም መጣ። ከፈትኩት። የኔው ጫማ ናት፣ ከነማሰሪያዋ። አማች ተብዬው ጥንድ ለማስመሰል ያቺኑ ግራዋን ሁለት ጊዜ ለጥፏታል። ሁለት ግራ እግር! ናሙናውን አትሜ ሰጠሁት። ስልክ እያወራ፣ ሳያየው ፈረመ።

ስህተቱን አልነገርኩትም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ
ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ካርቶኑ በጋሪ ተጭኖ ዱባይ ተራ ሲገባ፣ ቸርቻሪዎቹ "ጋሼ፣ ቀኙ ለብቻው ነው የሚሸጠው?" ሲሉት ታየኝ። መርካቶ አንዴ ስም ካወጣ አይፍቅም። ይበለው።

ከሰዓት እትዬ ዘነበች "የጫማው ካርቶን ነገ ማሽን ላይ ይወጣል፣ ፈርሚ" አሉኝ። ናሙናውን ሳብኩት። ከሱ ፊርማ በላይ ባዶ መስመር አለ፦ የዲዛይነር ስም። እስክሪብቶዬ ቆመ። ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣው ሁለት ግራ እግር ላይ ነው? መሳቂያው ማን ሊሆን ነው?

"ጠዋት እፈርማለሁ" አልኳቸው።

ሐሙስ
ራሴ ደውዬ አስመጣሁት። "ፈርሜ የለም እንዴ?" እያለ እየተነጫነጨ ገባ። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ናሙናውን መሬት ላይ አነጠፍኩ።

"ጋሼ፣ እስቲ እግርዎን አጠገቡ ያድርጉ።"

ግራውን አደረገ። ልክ። "ቀኙንስ?" አልኩት። ቀኙን አስጠጋ። ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ አለ። ማሽን ላይ ያሉት ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

"ቀኙ የታለ?"

"ቀኙማ እኔ ጋ ነው" ብዬ አምና የሳልኩትን ከፍቼ አሳየሁት። ያን ጊዜ አወቀኝ። "አማቼ እኮ..." ብሎ ጀመረና ተወው። እሰይ!

አስተካክዬ አዲስ ናሙና አወጣሁ። "ራሄል" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ፤ እሱ ከሥሬ ፈረመ። አሁን ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ስሜን ሳይቀር አንብቦ።

እንደወጣ እትዬ ዘነበች መጡ። "ማክሰኞ አይተሽው ነበር፣ አይደል?" መዋሸት አቃተኝ። "ቂምሽን በምሳ ሰዓትሽ አድርጊው" ብለው ሄዱ። ቀልድ ይሁን ማስጠንቀቂያ አልገባኝም። ሙከራዬ ገና አራተኛ ቀኑ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አንዲት ካርቶን እንኳ ሁለት ግራ እግሯን ይዛ ዱባይ ተራ ብትገባልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ናሙና አልጣልኩትም። ቤት ወስጄ ከበሩ ጀርባ ለጠፍኩት። የጋሽ ደምሴ ፊርማ አለበት።