ከእናቴ ጋር

ይድረስ ለእህቴ፤

እህቴ ብዬ ልጀምር፤ ሌላ ምን ብዬ እንደምጠራሽ ብዙ አስቤ አጣሁ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ያምሽ ነበር፣ ተሻለሽ? አዲሱ ሥራሽስ ተስማማሽ? የቀን ሆኖልሽ በጊዜ ቤትሽ መግባትሽን ስሰማ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም ደህና ናት፤ መጋረጃ ስንሰፋ እንውላለን። ፌንጣስ? ጉንፋኑ ለቀቃት? ልጅቱን ፌንጣ የምላት ከመሄድ ይልቅ መዝለል ስለሚቀናት ነው፤ ስሙን ካልወደድሽው ተይው።

የልጅቱ ጠበቃ ትናንት ሱቄ ድረስ መጥታ መልእክትሽን አደረሰችልኝ። ፌንጣ ቤትሽ ከገባች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ እንዳላት፣ ምግብ አፏ ላይ እንደማይዞር፣ ቀኑን ሙሉ ጥግ ይዛ ዝም እንደምትል ነገረችኝ። «ምን አድርጋ ነበር የምታስተኛት? ጠይቂልኝ» ብለሻታል። ይህን ማለት ምን ያህል እንደከበደሽ አውቃለሁ። እኔ ብሆን ጥርሴን ነክሼ ዝም እል ነበር። አንቺ ግን ለልጅሽ ስትዪ ኩራትሽን ዋጥ አደረግሽው። ስለዚህ እኔም ሳልሸሽግ ልንገርሽ።

የምትተኛው በስፌት መኪናዬ ድምፅ ነው። አልጋዋ ከመኪናዋ አጠገብ ስለነበር መርገጫውን ስረግጥ እየሰማች ነው ያደገችው፤ ዝም ሲል ትነቃለች። አንቺ ጋ ፀጥታው ይሆናል እንቅልፏን የነሳት። ሬዲዮ ካለሽ ዝቅ አድርገሽ ክፈችላት። የክፍሉን በር ጥርቅም አድርገሽ አትዝጊው፤ ገርበብ በቂ ነው። እንቁላል ነጩን ትበላለች፣ አስኳሉን «አይኑ» እያለች ትፈራዋለች። ገበያ ስትሄዱ ደግሞ እጇን አደራ እንዳትለቂ። አንድ ቀን ከጨርቅ ተራ ጠፍታብኝ እንደ እብድ ስዞር፣ እሷ ዘበኛው ፊት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። «እናቴ ጠፍታለች፣ ፈልጉልኝ» ትለዋለች። ዘበኛው ሳቁን እያፈነ የጠፋችው ሴትዮ ምን እንደለበሰች ቢጠይቃት «መርፌ» አለችው። ደረቴ ላይ መርፌ ሰካክቼ ስለምውል እኮ ነው! ዘበኛው እስከዛሬ «የጠፉት እናት፣ እንደምን ዋሉ?» እያለ ይቀልድብኛል።

የበሩን ነገር ስጽፍ እጄ ዘግየት ብሎ ነበር። ልወቅስሽ እንዳይመስልሽ። ያኔ ሆስፒታል የሌሊት ጽዳት ትሠሪ እንደነበር፣ ልጅ የምትይዝልሽ ጎረቤት ሳትነግርሽ እንደቀረች፣ ከሥራ እንዳትባረሪ በሩን ቆልፈሽባት እንደሄድሽ በችሎት ስትናገሪ ሰምቻለሁ። ልጅቱ ስታለቅስ ሰዎች ሰምተው ፖሊስ ጠሩ። እኔ ደግሞ የአደራ ቤተሰብ ልሁን ብዬ ተመዝግቤ የምጠብቅ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ማህበራዊ ሠራተኛዋ አቅፋ ስታመጣልኝ «ለአጭር ጊዜ ነው» አለችኝ። አጭሩ ጊዜ ጥርስ አበቀለ፣ ቆሞ ሄደ፣ አፍ ፈታ። አንቺም ከቀጠሮ ቀጠሮ ስትንከራተቺ ጫማሽ አለቀ። ዳኛ ታመው፣ ዳኛ ተቀይረው፣ መዝገብ ጠፍቶ፣ ተመልሰሽ ትመጪ ነበር። ለጉብኝት መጥተሽ «ባለሻርፗ መጣች» ስትልሽ ፊትሽ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ። «እንዲህ አይባልም፣ እናትሽ ናት» ብዬ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ። እመኚኝ። ልጅ ግን የነገሩትን ሳይሆን የለመደውን ነው የሚጠራው።

ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ጠበቃዋ እኔ ቤት መጥታ ልጅቱን አነጋገረቻት። ፍርድ ቤቱ ለልጅቱ ያቆመላት ናት፤ የአንቺም የኔም አይደለችም። ደግ ልጅ ናት፤ ከያዘችው ጉዳይ ብዛት ግን ቦርሳዋ አፉን መዝጋት አቅቶታል። የጨርቅ ክምር ላይ ስትቀመጥ መርፌ ወጋት፤ ፌንጣ መርፌዋን «ይቅርታ በያት!» ብላ ተቆጣቻት። ትንሽ ተሳሳቁ። ከዚያ ለብቻችን ተይን አለችኝና ግቢ ወጣሁ። የደረቀውን ልብስ ከገመዱ አውርጄ መልሼ አሰጣሁት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የሰማሁት ካንቺው ጋር እኩል፣ ችሎት ውስጥ ነው።

ዳኛው ጠበቃዋን ጠየቋት፤ ተነስታ «ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ስላት፣ ሳታመነታ ከእናቴ ጋር ብላኛለች» አለች። አንቺ ፊትሽን በሻርፕሽ ሸፍነሽ አለቀስሽ። እኔ ብድግ አልኩ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ በሕግ አምላክ የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዳኛው በመነጽራቸው አናት አዩኝና «እርስዎ ማን ነዎት?» አሉኝ። ምን ልበል? አሳዳጊዋ ነኝ አልኩ። የአደራ አሳዳጊ በዚህ ጉዳይ ተከራካሪ ወገን እንዳልሆነች ነግረውኝ «ይቀመጡ፣ እናቴ» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለስለስ አድርገው ነው ያሉት። ተቀመጥኩ። ውሳኔውም ተነበበ።

ያን ቀን ምን ልትናገር ነበር የተነሳችው ብለሽ ጠበቃዋን ጠይቀሻታል። ትናንት እሷም ጠየቀችኝ። ምንም አልነበረም፣ እህቴ። ብርድ ሲመታት ግራ ጆሮዋን እንደሚያማት ላሳውቅ ፈልጌ ነው። ዘይት አሙቀሽ አትጨምሪባት፤ ሐኪሙ ከልክሏል። ኮፍያ ብቻ አድርጊላት። ይኸው ነው።

ጠበቃዋ ልትሄድ ተነስታ ስለ ሌላ ጉዳይ ስናወራ ግንባሯን በሩ ላይ ደገፍ አድርጋ ቆየች። «አሁን ለማን አቤት እላለሁ? መዝገቡ ተዘግቷል» አለች። አንቺን የሚመለከት አይደለም። ቤትሽ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ብታዪው በአንቺ እንዳይመስልሽ፤ ሥራው አድክሟት ነው። ውሃ ስጫት።

ፌንጣ ከኔ ቤት የወጣችበትን ጠዋት አንቺ ቤትሽን ስታሰናጂ ስለነበር አላየሽም። ስለዚህ እኔ ልንገርሽ፤ ደስ ብሏት ነው የወጣችው። ማህበራዊ ሠራተኛዋ «ዳኛው ከእናትሽ ጋር ትኑር ብለዋል» ስትላት ፌንጣ ጣሪያ ልትነካ ደረሰች። ሻንጣውን ካላዘጋጀሁ ብላ ከለከለችን፤ ልብሱን ሁሉ ራሷ ጠቀጠቀችው። ካልሲዎቿ መሀል አሮጌ የሴት ነጠላ ጫማ ካገኘሽ የኔ ነው። በስህተት ገብቶ ነው፤ አትመልሽው፣ ሌላ ገዝቻለሁ። የሚወስዳት መኪና እስኪነሳ ድረስ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም።

ልጠይቃት ልምጣ እንዳልል፣ ቶሎ ቶሎ ባትተያዩ ለልጅቱ ይሻላል ተብያለሁ። የተማሩት ያሉትን እኔ ምን አውቄ እከራከራለሁ። የምችለው ይህችን መጻፍ ብቻ ነው።

ጠበቃዋ የነገረችኝ አንድ ነገር ቀረ፤ መጻፉን ሳሸሸው ቆይቼ ነው። ቀን ዝም ብላ ውላ፣ በእንቅልፏ ስትባንን «እማ! እማ!» እያለች ትጣራለች አለችኝ። አንቺ ስትጠጊያት ደግሞ በሁለት እጇ ትገፋሻለች። በዚህ ሆድሽ እንዳይባባ። ልጅ ከእንቅልፉ በደንብ እስኪነቃ ሰው አይለይም። አንቺን ነው የምትጠራው፣ እህቴ። ሌላ ማንን ትጠራለች? ጎንበስ ብለሽ «አቤት» በያት። ብትገፋሽም «አቤት» በያት። እየዋለ እያደረ ድምፅሽን ትለምደዋለች።

ቤትሽን ሳቅ ይሙላው። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለቁም ነገር ደርሳ ለማየት ያብቃሽ። መልስ ለመጻፍ አትድከሚ። ጆሮዋን ብቻ አደራ።

ከፈቀድሽልኝ፣
እህትሽ