የቀዶ ጥገናው ጨርቅ እስኪደርቅ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዲበዛ፣ በተለይም የሐሞት ከረጢትዎ ጠጠር የሚባል ነገር እንዳያውቅ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ልብስ አጥቤ የምተኩሰው ሴት ነኝ፤ የእኔ ከረጢት ጠጠር ሞልቶት በቀዶ ጥገና ይውጣ ከተባለ ሰባት ወር ሆኖታል። እስካሁን ስለተደረገልኝ መስተንግዶ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ መባሌ ነውና የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. አራት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ፣ አራት ጊዜ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ሳልቀምስ መጥቼ፣ አራቱንም ጊዜ የቀዶ ጥገናው ጨርቅ አልደረቀም ተብዬ ተመልሻለሁ። ማድረቂያ ማሽኑ ከተበላሸ ወዲህ ጨርቁ በኮሪደሩ ገመድ ላይ ተደራርቦ ተሰጥቷል። እንዲህ የተሰጣ ጨርቅ እስከ ምጽአት ቢቆይም እንደማይደርቅ በሙያዬ አረጋግጥልዎታለሁ።

2. ጀርም ማጥፋቱን ለእናንተ ትቼ፣ ጨርቁን በራሴ ማሽን በአንድ ሰዓት አድርቄ ላምጣ ብዬ ብለምን፣ ታካሚ መድከም እንደሌለበት በታላቅ ርኅራኄ ተነገረኝ። ከእናቴ ወዲህ ለድካሜ እንዲህ የተጨነቀልኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

3. ቅባት ስለተከለከልኩ የዛሬ አሥር ዓመት የሰፋሁት ቀሚስ ልክ ሆኖኛል፤ ለዚህም እግዜር ይስጥልኝ። ሕመሙ ሲነሳብኝ ግን ከቀኝ ጎኔ እስከ ትከሻዬ ሰቅዞ ስለሚይዘኝ ካውያውን ትቼ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ተጨመረበት፤ ልጄ ዓይኔ ቢጫ መሆኑን አይታ አለቀሰች። ሐኪሙም ዛሬ ነገ ሳይባል ይውጣላት ብሎ ጻፈ፤ የጨርቅ ክፍሉ ግን የፊታችን ረቡዕ አለ። ቀልዱን ልተወውና ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ። ልጄ ከእኔ ሌላ ማንም የላትም።

የጨርቁን መድረቅ ጦሜን የምጠባበቅ፣
ታጋሽ ጎረቤትዎና ታካሚዎ፣
ልብስ አጣቢዋ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ጠዋት በሾፌርዎ የላኩት ጥቁር ሱፍ በዚያው ዕለት ታጥቦ፣ ደርቆና ተተኩሶ ተሰቅሏል። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ስለዋለ ምክንያት አላጣሁም ነበር፤ ብቻ የሰው ልብስ ይዤ ቀጠሮ ማብዛት ያሳፍረኛል። ሾፌሩን ግን አይላኩት፤ ራስዎ መጥተው፣ ዓይኔን አይተው ይውሰዱት።