ጭሱ በየት ይውጣ

ሰኞ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ነኢማ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፌ ግን አይሰንፍም። መብራት ጠፍቶ የብየዳ ማሽኑ ዝም ስላለ ነው ቁጭ ያለችልኝ። ከመጣ ትነሣለች፤ ፈጠን ብዬ ልናገር።

የጎማ ወረዳው ባለቡና አባ ነጋ ያዘዘው መኪና አጥንቱ ቆሟል። በር የለው፣ ጣራ የለው። ቱቦ ከቱቦ ተበይዶ፣ ትልልቅ ጎማ ለብሶ፣ ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ሞተር ተሸክሞ ቆሟል። ከኋላው ስድስት ጆንያ የሚይዝ መጫኛ አለው። ነኢማ ባጊ ነው የሚባለው ትላለች። ሥራው ጫካ ውስጥ የተለቀመ ቡና በጭቃው ዳገት አውጥቶ መንገድ ማድረስ ነው። አባ ነጋ በቅሎዬ የምትወጣውን ካልወጣ አልወስደውም ብሏል። ለቀማው ደርሷል፤ እሁድ ይመጣል።

የቀረው የጭስ ቱቦውና ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ ነው። ማርሚታ ደግሞ የእኔ ነው። ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት የመኪና ጩኸት ያፈንኩት እኔ ሸምሱ ነኝ።

አንድ ነገር ይጻፍ። አባ ነጋ የሚሠራው እኔ ይመስለዋል። ያዘዘው በእኔ ስም ነው። ዓይኔ ብየዳ ማየት ካቃተው ቆየ፤ ከመጀመሪያው ቱቦ እስከ መጨረሻው ብሎን የነኢማ እጅ ነው። ሴት እንደሠራችው ብነግረው ይተወዋል ብዬ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። አሁንም ዝም ብላ ትጽፋለች።

ማክሰኞ

ከሞተሩ ጭሱን ለሚቀበለው ቱቦ ሦስት ምርጫ ነበረን።

ከሞተሩ ጋር የመጣው ወፍራም ብረት አንድ። አይሰነጠቅም፤ ግን የአህያ ጭነት ያህል ይከብዳል፣ ጭሱንም ገና ሳይወጣ አንቆ ይይዘዋል። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ አራት አጫጭር ቱቦ ያለው ሁለት። ያብለጨልጫል፣ ሙሽራ ነው። ግን የአስፋልት ሩጫ ዕቃ ነው፤ ሞተሩ ካልጮኸ ጉልበት አይሰጥም። ጭቃ ላይ የሚፈለገው ቀስ ብሎ የሚገፋ ነው። ሦስተኛው እኛው የምናጥፈው፣ ረዘም ቀጠን ያለ ቱቦ።

ረጅሙ ይሁን አልኩ። እሷም ረጅሙ አለች፤ ግን አራቱ እኩል ካልሆኑ ዋጋ የለውም አለች። አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ የሚወጣ ቱቦ እንዴት ብሎ እኩል ይሆናል ብዬ ሳቅሁባት። ሲባጎ አመጣች። በሞተሩ ዙሪያ እያዞረች፣ እየጠመዘዘች፣ አንዱን በላይ አንዱን በታች አሳልፋ አራት ሲባጎ ቆረጠች። ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። በጣቴ ዳሰስኩት። እኩል ናቸው።

እኔ በዘመኔ በዓይን ገምቼ ነበር የምቆርጠው። ይሄን አትጻፊው ብያታለሁ። ጽፋዋለች መሰለኝ።

ረቡዕ

ዛሬ ቱቦ አጠፍን። ቱቦውን አሸዋ ጠቅጥቀህ ትሞላለህ፣ ሁለቱን አፉን በእንጨት ትወትፋለህ፣ በከሰል አግለህ ታጥፈዋለህ። ያለ አሸዋ ካጠፍከው እንደ ገለባ ይጨማደዳል። አሸዋው ግን አጥንቱ ድረስ ደረቅ ይሁን። እርጥብ ከሆነ እንፋሎቱ ውታፉን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል።

ይሄን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሸዋውን ላሜራ ላይ አንዴ አመሰችው። በቃ አልኳት። ደግማ አመሰችው።

"አባዬ፣ እርስዎ ቅንድብዎን ለእርጥብ አሸዋ ሰጥተዋል። እኔ የእኔን እፈልገዋለሁ" አለችኝ።

አሥራ ስድስት ቦታ ታጠፈ። አንዱም አልተጨማደደም። ጎሚስታው ደቻሳ ከጎረቤት መጥቶ በመዳፉ ሲያሻሸው ቆየ። "ጀባዱ፣ በርቺ" አላት። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ እንዲህ ያለ አጥፈው አያውቁም አለኝ። እኔ ነኝ ያስተማርኳት አልኩት። እሱማ ነው፣ አለና ሳቀብኝ።

ሐሙስ

ማርሚታው ተመረጠ። የጭነት መኪናው ድምፅ ያፍናል፤ ግን በርሜል ነው፣ ታች ተንጠልጥሎ ድንጋይ ሁሉ ይመታዋል። ቀጥ ያለው ቀላል ነው፤ ሲነሣ ማዶ በቾ ቦሬ ሰፈር ድረስ ይሰማል። ለቃሚ ከለቃሚ መነጋገር አለበት፣ አይሆንም። ነኢማ ከአሮጌ ታክሲ የወጡ ሁለት ትንንሽ አገኘች፤ አንዱን ከአንዱ ቀጥላ ድንጋይ በማይነካው ከፍታ ጎኑ ላይ አሰረቻቸው። ሞተሩ ሲነሣ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዝቅ ያለ፣ ወፍራም፣ የጠገበ በሬ ትንፋሽ። ማሻአላህ አልኩ። ማሻአላህ ከእኔ አፍ በቀላሉ አይወጣም።

የጭሱ መውጫ ላይ ግን ተጣላን። እኔ ከመጫኛው አጠገብ ወደ ላይ ይቁም አልኩ፤ ወንዝ ሲሻገር ውኃ አይገባበትም፣ ግርማም አለው። እሷ በጎን ከጎማው በላይ ወደ ውጭ ይውጣ አለች። ክፍት መኪና ሲሄድ ጭሱን ከኋላ መልሶ ወደ ራሱ ይስበዋል አለች። ሰምቼ አላውቅም አልኳት። አባት ነኝ። ቆሞ ተበየደ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ወደ ጅሬን አቀበት ይዛኝ ወጣች። አንድ ጆንያ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ጫነች፤ ለምን አልኳት፣ ለክብደት አለችኝ። ዝናቡ የሸረሸረውን ጎን መረጠች። ጎማው ጭቃውን ነክሶ፣ ሞተሩ ሳይጮህ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። አራት ጊዜ ወጣን፣ አራት ጊዜ ወረድን። ልጅ ሆኜ በቅሎ ላይ እንኳ እንዲህ አልተደሰትኩም።

ስንመለስ ጆንያውን ፈታች። እፍኝ ዘግና አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ።

ጭስ ጭስ ይላል።

ቡና አጠገቡ የዋለውን ሽታ ይጠጣል። ከጋዝ ጋር የተጫነ ቡና ቀማሹ በአንድ ጉንጭ ይለየዋል፣ ይጥለዋል። ይሄን የጅማ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ውኃውን አስቤ ቡናውን ረሳሁ። አርባ ዓመት የሠራሁት ሰውና ብረት ለሚጭን መኪና ነው።

ቁረጪው አልኳት።

ቅዳሜ

ቆረጠችው። በጎን አወጣችው፤ ለውኃውም ብላ አንገቱን ትንሽ ቀና አደረገችው። የእኔን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልጣለችውም፣ ይጻፍ። ሌላ ጆንያ ጭነን ያንኑ ዳገት አራት ጊዜ ወጣን። እኔው ፈታሁ፣ እኔው አሸተትኩ። ቡና ብቻ።

እሁድ

አባ ነጋ መጣ። ዞረው፣ ተንበርክኮ ሥሩን አየ፣ ጆንያውን አሸተተ። ራሱ ነድቶ ዳገቱን ወጥቶ ተመለሰ፤ ፊቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ጥርሱ ብቻ ይታያል። እጄን ጨበጠኝ።

"ሸምሱ፣ እጅህን አላህ ይጠብቀው።"

ነኢማ በጨርቅ እጇን ትጠርጋለች። ወደ እኔ አታይም። ዝም ብል ያልፍ ነበር፤ መኪናው ይሄድ ነበር። አልቻልኩም።

"እጁ የእሷ ነው" አልኩት። "የእኔ የነበረው አንድ ቱቦ ነው፤ እሱንም ቆርጣ ጣለችው።"

አባ ነጋ ቁልፉን በእጁ አገላበጠ። መኪናውን አየ፣ እሷን አየ። አበቃ፣ ጥሎት ሊሄድ ነው አልኩ በልቤ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለእሷ ዘረጋላት።

"ዳገት ላይ ቢቆምብኝ የምደውለው ለአንቺ ነዋ። ቁጥርሽን አስገቢልኝ። የእሱን አጥፊው።"

አጠፋችው። እዚያው ፊቴ ቆማ።

ተናደድኩም ደስ አለኝም፤ ሁለቱንም ጻፊ። ነገ የመጀመሪያው ቡና ይጫናል። የእኔ ስልክ አይጮህም፤ የእሷ ይጮህ እንደሆነ አላህ ያውቃል። በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስለ አንቺ ያልኩት ላይ ስትደርሺ ዘለሽ እንዳታልፊ፤ ያልኩትን አልረሳሁም።