ለሐረግ ሾክ ፍለጋ

ጥር 14
ሥራ የለም። መብራት ጠፍቷል፣ አለቃችን ወግዲ ሄደዋል፣ ግማሹ ሠራተኛ ሰርግ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ቢተው ጋራዥ ወረድኩ። የእህቴ የሐረግ ብስክሌት የፊት ሾክ ዘይቱን ተፍቷል። ሲጫኑት ይወርዳል፣ አይመለስም። ቢተው ፈትቶ አየውና፣ «ውስጡ ያለው ጎማ አልቋል። ምትኩ እዚህ አይገኝም። ባይሆን የፊት ጎማውን የሚይዝ ተራ የብረት ሹካ ልግጠምላትና ትንዳ» አለኝ።
ብረት? ይሄ እኮ ዶርቫ የሚባለው የውጭ ብስክሌት ነው። ኦርጅናል። መንገድ ሥራ ላይ የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ የሰጣት ብስክሌት ነው። አሻፈረኝ አልኩ። የደሴው ብስክሌት ክለብ ምልመላ መጋቢት መጨረሻ ነው፣ ገና ጊዜ አለ።

ጥር 19
ነገሩ ቀላል እንዳይመስለኝ ልጻፈው። ሐረግ ደሴ ሄዳ በተራራ ብስክሌት ምልመላውን ካለፈች ክለቡ ደመወዝ ይከፍላታል፣ እዚያው ትኖራለች። ካላለፈች... ጅዳ። የሰው ቤት። እናቴ ከደላላዋ ከሸጋዬ ጋር ጨርሳለች፣ ፓስፖርቱም ወጥቷል።
«እስከ ፋሲካ እታገሣለሁ» አለችኝ ዛሬ። «ከዚያ ወዲያ ግን በብስክሌት ስትዞር አላይም። የእኩዮቿ እናቶች ቤታቸውን ቆርቆሮ አለበሱ።»
በእኔ ደመወዝ ሦስት ሰው እንደማይኖር እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ጥር 23
ኔትወርክ መጣ። የዶርቫን ድረ ገጽ ከፈትኩ። «ምርቶቻችን በመላው ዓለም ባሉ ቸርቻሪዎች ይገኛሉ» ይላል። ደስ አለኝ። ከዚያ አገርዎን ይምረጡ አለ። እኛ የለንም። ኢስቶኒያ የምትባለው እንኳ አለች። ለእኛ ቅርቡ ናይሮቢ ያለ አንድ ሱቅ ነው። ለሱቁም ለፋብሪካውም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ።
ሐረግ ከኋላዬ ሆና ታይ ነበር። «እኛ መላው ዓለም ውስጥ አይደለንም ማለት ነው?» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

የካቲት 2
ፋብሪካው መለሰ፣ በብዙ ትሕትና። በአቅራቢያዎ ወዳለው ቸርቻሪ ይሂዱ ነው የሚለው። በአቅራቢያዬ ያለው ቸርቻሪ ስኳርና ባትሪ ድንጋይ ነው የሚሸጠው። ናይሮቢ ዝም።

የካቲት 8
ተገኘ! መርካቶ ያለ ነጋዴ ነው። በስልክ፣ «አለ፣ ግን ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ አሮጌውን ላክልኝ፣ አመሳስዬ እልክልሃለሁ» አለኝ።
ልክ ነው። እዚህ አገር ዕቃ የሚገዛው እንዲህ ነው። የወፍጮ ቀበቶም ቢሆን፣ የጓዳ ቁልፍም ቢሆን፣ አሮጌው ለናሙና ይሄዳል፣ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይመጣል። ቢተው ግን ፊቱ አልተፈታም። «እሱን ከላክኸው ብስክሌቱ ቆመ ማለት ነው። ብረቱን ገጥሜላት እየተለማመደች ትጠብቅ።»
ሐረግም ጨመረችበት። «ጋሼ፣ ብረቱን ይግጠምልኝ። እኔ እችለዋለሁ።»
«አንቺ አታውቂም፣ ዝም በይ» አልኳት። በብረት ሹካ እዚያ ድንጋይ ላይ ክንዷ ይበጠሳል እኮ! ሾኩን አንገቱ ውስጥ ከሚያዞረው ኩሽኔታ ጋር አስፈታሁት። ሙሉውን ካላዩት ይሳሳታሉ ብዬ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሾፌር ሃሩን በጆንያ ጠቅልሎ ወንበር ሥር ከተተው። «አብሽር» አለኝ፣ «በእጁ ነው የማደርስልህ።»

የካቲት 17
ናሙናው ደርሷል። «ነገ ደውል» ይላል ነጋዴው። የዛሬ ሳምንትም ነገ ነበር።
ሐረግ ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትሮጣለች። ብስክሌቱ ፊቱ ባዶ ሆኖ ግድግዳ ተደግፏል። ሳየው ያሳፍረኛል።

መጋቢት 3
ከስንት ሙከራ በኋላ ስልኩ ተነሳ። «ዶርቫ እኮ እኔ ጋ ኖሮ አያውቅም» አለኝ ነጋዴው ምንም ሳይመስለው። «የሚገባ ዕቃ ነበረኝ፣ እሱም አብሮ ይመጣል ብዬ ነው።»
እና ለምን አለ አልከኝ?
«ከገባ አለ ማለት አይደል እንዴ?»
ቢያንስ አሮጌውን መልስልኝ አልኩት። መናኸሪያ ለሃሩን ሰጥቼዋለሁ አለ። ሃሩን ደግሞ አዲስ አበባ ቀርቷል፣ መንገዱ ተዘግቷል። «አብሽር፣ ኢንሻአላህ ሲከፈት» ይለኛል። አልተናደድኩበትም። የማንን ስህተት በእሱ ላይ ላላክክ?

መጋቢት 11
አልተከፈተም።

መጋቢት 15
አንገቴን ደፍቼ ቢተው ጋ ሄድኩ። በል ብረቱን ግጠም አልኩት። ወዲያው ሞከረ። የብስክሌቱ አንገት ሰፊ ነው፣ የብረቱ ሹካ ቀጭን፣ እየተወዛወዘ አስቸገረ። ይዞት የሚቆመው ኩሽኔታ ከሾኩ ጋር ሄዷል፣ በልኩ ሌላ እዚህ የለም።
«ያኔ ቢሆን በራሱ ኩሽኔታ ቀለበት ጨምሬ አስማማው ነበር» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይከፋኝ።
ሐረግ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዞር ስል የለችም።

መጋቢት 18
ብስክሌት ልከራይላት ብዬ ለክለቡ ሰውዬ ደወልኩ። ማርሽ መቀየሪያ ካምቢዮ የሌለው አይፈቀድም አለኝ። እዚህ የሚከራየው ሁሉ ካምቢዮ የለውም። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ ሾክስ ግዴታ ነው ወይ አልኩት።
«ኧረ ምን ሾክ አመጣህ? አምና ያለፉት ግማሾቹ በብረት ሹካ ነው የነዱት።»
ለምን በጥር አልጠየቅኩትም? ለናይሮቢ ከመጻፍ ለደሴ መደወል አይቀልም ነበር? አይቀልም ነበር ወይ...

መጋቢት 26
ምልመላው ዛሬ ነው። ሐረግ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ ዋለች። ንጹሑንም ጭምር። እኔ ቢሮ ተቀምጬ አንድ ወረቀት አልሠራሁም።

ሚያዝያ 4
ፋሲካ። ጾሙ ተፈታ፣ እኔ ግን አልበላልኝም። እናቴ ስለ ጅዳ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ሸጋዬ ከሰዓት በኋላ ዶሮ ይዛ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች፣ ከሐረግ አጠገብ ተቀመጠች። ሐረግ ተነሥታ አጎረሰቻት።

ግንቦት 6
ሄደች።
መኪናው እስኪሞላ አብረን ቆምን። ይቅር በይኝ ልላት ከቤት ጀምሮ አስቤው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ቀረ፣ ውሃ ገዛሁላት። መስኮቱን ከፈተችና፣ «ጋሼ፣ አንተ እኮ የተሻለውን ፈልገህልኝ ነው» አለችኝ።
ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? እናቴ ቤት ገብታ እስካሁን ታለቅሳለች። የፈለገችው ሆኖላትም ታለቅሳለች። እኔ ማልቀስም አቃተኝ። ወንድም ነኝ ብዬ ጋሼ ስባል ኖሬ፣ በገዛ እጄ ፈትቼ ሰደድኳት።

ግንቦት 19
ሃሩን ጆንያውን አመጣ። «አደራ አይጠፋም አላልኩህም?» አለኝ። አመሰገንኩት። አልፈታሁትም።

ሰኔ 21
ሐረግ የድምፅ መልእክት ላከች። ስልኳን የሚሰጧት አርብ አርብ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትስቃለች።
«ጋሼ፣ ያንን ሾክ አገኘሁልህ። የቤቱ ልጆች ብስክሌት ላይ። ሦስቱም ዶርቫ ናቸው። ሙቀት ስለሆነ አይነዱትም፣ ጋራዥ ነው የሚውለው። አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ።» ከሩቅ የሆነ ሰው ይጠራታል። «ትናንት ማንም ሳያየኝ አንዱን ተጫንኩት። ወረደ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እውነትህን ነው ጋሼ፣ ጥሩ ዕቃ ነው።»
ደጋግሜ ሰማሁት።
እናቴ ከጓዳ፣ «ምን አለች?» አለችኝ።
ደህና ነኝ አለች፣ አልኳት።