ለዝናሽ የመጡት ሽማግሌዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ከሰዓት

ዛሬም ዝናሽ። ዛሬም እሷ ብቻ። ባል የደበደበን ሴቶች በጤ/ጣቢያው ጓሮ ክፍል ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ አማካሪያችን ሲ/ር መሠረት ግን የምታየው አንዷን ነው። ዝናሽ ስታወራ ሲ/ር ወንበሯን ታስጠጋለች፣ እጇን ትይዛለች። ዝናሽ ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች። እንቅልፍ መተኛት ጀመርኩ አለች። ወደዚህ ክፍል ቀድሜያት መምጣት የጀመርኩት እኔ፣ እስካሁን በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ተራዬ ሲደርስ ደህና ነኝ ብዬ አለፍኩ። ሲ/ርም አለፈችኝ። ትንሽ ብትለምነኝ ምን ነበረበት?

አንቺ ደብተሬ ትሰሚኛለሽ። እጅ ግን የለሽም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዝናብ። የተሰጣውን ቡና ከእህቴ ጋር ስናነሳ ዋልን። ባሌን ሸሽቼ ከቴፒ እሷ ጋ አማን ከተማ ስመጣ ክንዴ በጀሶ ነበር። አሁን ሸራ እስባለሁ። ሲ/ር ያስተማረችንን አተነፋፈስ ሞከርኩ፤ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ቀስ ብሎ ማውጣት። ቀለል አለኝ። ከዚያ ዝናሽ አሳምራ እንደምትሠራው ትዝ አለኝና ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዝናሽ ቀረች። ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሲ/ር አጠገቤ ተቀመጠች። ባሌ ክንዴን ስለሰበረበት ቀን አወራሁ። በሩን ከውስጥ እንዴት እንደቆለፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሳላቋርጥ ጨረስኩት።

ስንወጣ አንዷ ነገረችኝ፤ የዝናሽ ባል ሽማግሌ ልኮባታል፣ ቄስ ሳይቀር። እሁድ መልስ ይፈልጋሉ። መንገዱን ሁሉ ስቃጠል መጣሁ። ለእሷ ሽማግሌ! የኔው አንድ ሰው እንኳ አልላከም። ልመለስ ብዬ አይደለም። ብሞት አልመለስም! ግን በሰው መፈለግ... ተይው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ዝናሽ እኛ ቤት ድረስ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል። ያ ሳቅ የለም።

"ሽማግሌ ፊት አፌ ይታሰራል" አለችኝ። "እሺ ብዬ ነው የምነሳው። ነገ አጠገቤ ተቀመጪልኝ፣ እህቴ።"

ሲ/ርን ለምን አትለምኚም አልኳት፤ ክፉ ነበር አነጋገሬ። ነግራታለች። ሲ/ር ውሳኔው ያንቺ ነው፣ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ግቢ አለቻት።

"ታዲያ ለምን እኔን?"

"ሌሎቹ ሁሉ ቢያንስ አንዴ ወደ ባላቸው ተመልሰው ያውቃሉ። አንቺ ግን እንደወጣሽ ቀረሽ። በዚህ ስቀናብሽ ነው የኖርኩት።"



እሁድ፣ ጥቅምት 23፣ ማታ

ዝናሽ ወዳለችበት ቤት ሄድኩ። ሦስት ሽማግሌና ቄሱ። ትዳር ነው፣ ቻይው፣ ከእንግዲህ እጁን አያነሳም አሏት። ዝናሽ አንገቷን ደፋች። "እሺ" ልትል መሆኑን አወቅኩ። አባቶቼ ሆይ፣ ትናገር፣ አታጣድፏት አልኩ። አንዱ ተቆጡ።

"አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?"

"እንደ እሷ የተደበደብኩ ነኝ" አልኳቸው።

ያኔ ዝናሽ ቀና አለች። "አልመለስም።" አንድ ቃል። ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ ወጡ።

ስመለስ ግን ያው ቅናት። እሷ "አልመለስም" የምትለው ሰው አገኘች። እኔ ለማን ልበል? ለካ አልመለስም እያልኩ ሽማግሌ ስጠብቅ ነበር የኖርኩት።

አልጠብቅም። ነገ ፍ/ቤት ሄጄ ፍቺ እጠይቃለሁ። ብቻዬን። አይ፣ ብቻዬን አይደለም፤ ለዝናሽ ደውዬላታለሁ፣ አብራኝ ልትሄድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትመጣለች።