ያለ ጥሪ ደብዳቤ የሰነበተ ማኅበር

ለክቡር ፕሮፌሰር ቦጎሚል ስታንቼቭ
የብሔራዊ የጤና አመራሮች ኅብረት ፕሬዚዳንት
ሶፊያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ባለፈው በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሲያስቸግርዎ ያየሁት ጉሮሮዎ እንደምን ነው? እኛ የደቡብ ተራሮች የጤና አመራሮች ማኅበር አባላት ደኅና ነን። ደኅና ለመሆናችን ግን ማስረጃ ስላላያያዝን፣ በኅብረቱ ደንብ መሠረት ታማችኋል ቢባል አንከራከርም።

እኔ ዝላትካ ሚንቼቫ እባላለሁ። በዘሌን ብሮድ ሆስፒታል ሜትሮን፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊ፣ ሆኜ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ቢሮ፣ ባለቤቴ እንደሚለው ደግሞ ያለ አእምሮ። የማኅበሩ አባላት በሙሉ እንደ እኔ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በሥራ ሰዓት ሆስፒታል ይመራሉ፣ ከሥራ በኋላ ሆስፒታል መምራት እንዴት እንደሚቻል እርስ በርስ ይማማራሉ።

ባለፈው ወር በፈረሙት ደብዳቤ፣ ማኅበራችን በዓመቱ ውስጥ አንድም የጥሪ ደብዳቤ ስላላወጣ አንድም ስብሰባ እንዳላደረገ እንደሚቆጠር፣ ስለዚህም የዓመቱ ሥራ ዕውቅና እንደማያገኝ አስታውቀውናል። ስለ ግልጽነትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ከዓመት እስከ ዓመት ወገባችን እስኪጎብጥ የሠራነው ሁሉ አለመሠራቱን ስናውቅ እንዴት ዕረፍት እንደተሰማን!

ችግሩ፣ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ዕውቅና ውስጥ ኔቨና መኖሯ ነው። ኔቨና በስታራ ብሬዛ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ናት። «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል እንዲነሣላት፣ ዕውቅና ባለው ማኅበር ሥር ለአንድ ዓመት የአመራር ምክር ማግኘቷ ሊመሰከርላት ይገባል። እስከ ፋሲካ ካልተመሰከረላት ክፍሉ ኃላፊ የለውም ተብሎ ይዘጋል፤ የስታራ ብሬዛ እናቶችም ምጥ ሲይዛቸው የተራራውን መተላለፊያ አቋርጠው ዘሌን ብሮድ ድረስ ይመጣሉ። ምጥ ደግሞ የአየር ትንበያ ሰምቶ አይመጣም። ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥሪ ደብዳቤው። የዘሌን ብሮድ ዳይሬክተር ዶክተር ካልቼቭ የካሜን ዶል ሆስፒታል ዳይሬክተር የሆኑትን የዶክተር ቦዚሎቫን ማደንዘዣ ሐኪም አባብለው ከወሰዱ ወዲህ ሁለቱ ዳይሬክተሮች እንደማይነጋገሩ በአውራጃችን ከድመቶች በቀር የማያውቅ የለም። ሐኪሙ ራሱ ጡረታ ወጥቶ ንብ ያረባል፤ ጠቡ ግን ገና ጎረምሳ ነው። ለዶክተር ቦዚሎቫ የጥሪ ደብዳቤ ሲደርሳቸው አጀንዳውን አይጠይቁም፤ «ያ ሰውዬ ይመጣል?» ይላሉ። ለዶክተር ካልቼቭ ሲደርሳቸውም «ያቺ ሴትዮ ካለችበት እኔ የለሁም፣ በቃ!» ነው መልሱ። እኛም ቀደም ሲል እጅግ ያማሩ የጥሪ ደብዳቤዎች እያወጣን ባዶ ወንበር ስንሰበስብ ኖረናል። ወንበሮቹ በሥርዓት የተሰለፉ ስለነበሩ፣ በኅብረቱ ዓይን ያ ዘመን የማኅበራችን ወርቃማ ዘመን ሳይሆን አይቀርም።

ደግነቱ የስም ቀን፣ ሰው ስሙን የወሰደበት ቅዱስ የሚከበርበት ዕለት፣ አለ። ክቡርነትዎም ከዚሁ አገር ነዎትና እንደሚያውቁት፣ በስም ቀን ማንም ማንንም አይጋብዝም። ባለ ስሙ ጠረጴዛውን ዘርግቶ በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል፤ የወደደው ሁሉ ይመጣል። በሌላ ቀን ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ይታማል፤ በስም ቀን የሚታማው የቀረው ነው። ያልተጠራ ሰው ደግሞ እንዴት አድርጎ አልመጣም ይላል? ማንን ነው እምቢ የሚለው? ይህን ያስተዋልን ዕለት የጥሪ ደብዳቤውን ትተን የስብሰባ ቀኖቻችንን ከቅዱሳኑ ጋር አስማማን።

በግንቦት የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በቅዱሱ ስም የምትጠራው የላብራቶሪ ኃላፊዋ ጌርጋና በግ ጠብሳ ተቀመጠች። ዶክተር ቦዚሎቫ «እኔ የመጣሁት ለጌርጋና ነው፣ ሌላ ማን እንዳለ ምን አገባኝ» ብለው ገቡ። ዶክተር ካልቼቭም «የጌርጋናን በግ ለማንም ብዬ አልተውም» ብለው ተከተሉ። ኔቨናን መሃላቸው ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ዶክተር ካልቼቭ «ለጎረቤትሽ ጨው አቀብያት» ሲሉ፣ እሷም ስታቀብል፣ ዶክተሯም «ጨው የሚያስፈልገው ሐኪም ለማባበል ምላሱ ማር ለሆነ ሰው ነው በይልኝ» ሲሉ፣ ልጅቷ ግን ይህን የመጨረሻውን ሳታደርስ ቀርታ ወደ ዶክተር ካልቼቭ ዞር ብላ፣ «ዶክተር፣ ዶክተር ቦዚሎቫ ለሳምንቱ መጨረሻ ማደንዘዣ ሐኪም የለንም ይላሉ፤ እናንተስ ጋ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀች። ምሳው ሲያልቅ ሦስቱ ሆስፒታሎች ማደንዘዣ ሐኪሞቻቸውን በተራ ሊዋዋሱ ተስማምተው ነበር፤ እስካሁንም ተራው አልተፋለሰም። አመራር ማለት በሁለት የተኳረፉ ዳይሬክተሮች መካከል ተቀምጦ ጨው እያቀበሉ እንዲህ ማስታረቅ ካልሆነ፣ ምን እንደሆነ ኅብረቱ ቢያስተምረን በአክብሮት እንለምናለን።

ሁለተኛ፣ ሥልጠና አልሰጣችሁም ስለተባለው። በጥቅምት የቅዱስ ድሜጥሮስ ዕለት የድንገተኛ ክፍል ኃላፊዋ ድሚትሪና ቤት ተገኝተን፣ የተቆጣ አስታማሚ እንዴት እንደሚስተናገድ ተለማምደናል። ኅብረቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥልጠና ባለሙያ እንደሚልክ እናውቃለን። እኛ ግን የድሚትሪና አማት እማማ ራዳ ነበሩን። አንዴ ብቻ «እስቲ የተቆጣ አስታማሚ ይሁኑልን» አልናቸው፤ ሁለተኛ መንገር አላስፈለገም። «ልጄን ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ጥላችሁ ትስቃላችሁ! ነጭ የለበሰ ሁሉ ሐኪም መሰላችሁ እንዴ!» ብለው ሲነሡ የቀዶ ሕክምና ኃላፊው፣ ግዙፍ ሰው ናቸው፣ ወደ በረንዳ ሸሹ። ኔቨና ግን ወንበር ሳበችላቸውና «ልክ ነዎት እማማ፣ ብዙ ጠበቁ። ይቀመጡ፤ ልጅዎ ያለበትን አጣርቼ እኔው ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለቻቸው። እማማ ራዳ ቁጭ አሉ፣ ዝምም አሉ። ድሚትሪና ካገባች ጀምሮ ይህን አይታ ስለማታውቅ፣ «ይህቺን ልጅ ለእኔም ቤት ሹሙልኝ!» እያለች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ሦስተኛ፣ እጅግ ስለምናከብራቸው ተቆጣጣሪዎ ስለ አቶ ቬሊን። በታኅሣሥ በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት ያለ ማስጠንቀቂያ መጥተው ቢሯችንን ፈለጉ። ቢሯችን በዘሌን ብሮድ ሆስፒታል የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት መደርደሪያ ናት፤ ከትራስ ልብሱ በታች ያለችው። ዘበኛው «ሁሉም ኒኮላይ ቤት ናቸው» አላቸው። «ስብሰባ አላቸው?» ቢሉት «ኸረ ምን ስብሰባ፣ የስሙ ቀን ነው እንጂ ዛሬ!» አለ። ዘበኛ ሐሰት አይናገርም፤ ይህንንም በሪፖርቱ አስፍረውታል፣ እናመሰግናለን።

ኒኮላይ የፋርማሲ ኃላፊ፣ የማኅበራችንም ሊቀመንበር ነው። አቶ ቬሊን በሩ ላይ ቆመው «አልተጋበዝኩም፣ ለሥራ ነው የመጣሁት» ቢሉ፣ ሚስቱ «ማን ተጋብዞ ያውቃል? ጫማዎን ያውልቁ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ!» ብላ ጎትታ አስገባቻቸው። እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ ነውና ቦታ ተለቀቀላቸው። ዋልነት በሚባለው የለውዝ ዓይነት የተሞላውን ዓሣ አንዴ ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንዳስጨመሩ ለትዳራቸው ሰላም ስል አልጽፍም። ብቻ እሳቸው ሲበሉ፣ ኔቨና የዓሣውን አከርካሪ የተራራው መተላለፊያ፣ ዋልነቶቹን አምቡላንሶች አድርጋ በረዶ ሲጥል ምን እንደምናደርግ ታወያየን ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፣ ዶክተር ካልቼቭ አንዷን አምቡላንስ በስሕተት በልተዋታል። ይኼኔ አቶ ቬሊን ሹካቸውን አስቀምጠው አንዲት ዋልነት አነሡና ከአከርካሪው ማዶ አኖሯት፤ «በረዶው ከመጣሉ በፊት ሁለተኛዋን አምቡላንስ እዚያ ማዶ ለምን አታሳድሯትም?» አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ዶክተር ቦዚሎቫ ግንባራቸውን ሳሟቸው። በማግስቱ የኒኮላይ ሚስት ያኮመጠጠችውን ጥቅል ጎመን በትልቅ ማሰሮ ተሸክመው ተመለሱና፣ «የግል ግብዣ እንጂ ምንም ዓይነት የማኅበር እንቅስቃሴ አላየሁም» ብለው ጻፉ።

አራተኛ፣ የዚሁ ቀጥታ ውጤት። በጥር በረዶው ወርዶ መተላለፊያው ተዘጋ። ማዶ ያደረችው አምቡላንስ ግን ማዶ ስለነበረች፣ ከብሬስቶቮ መንደር አንዲት ምጥ የጠናባትን ሴት አንሥታ ስታራ ብሬዛ አደረሰች፤ ኔቨናና አዋላጆቿም ተቀበሏት። ሴት ልጅ ተገላገለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ የሕፃኗን ለቅሶ የሰማ ሁሉ ለፓርላማ አጭቷታል። እናትየዋ አምቡላንሷ እዚያ እንድታድር በመከረው ሰው ስም ልጇን ልትጠራ ፈልጋ ነበር። እኔም ያንን ምክር የሰጠ ሰው እንደሌለ ከኅብረቱ ሪፖርት አንብቤ አስረዳኋት። ስለዚህ ሕፃኗ በአያቷ ስም ተጠርታለች።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁምና፣ ክቡር ሆይ፣ የልቤን ልንገርዎ። ደብዳቤዎ በደረሰ ዕለት ኔቨና መጥታ ወጥ ቤቴ ተቀመጠች። «እትዬ ዝላትካ፣ ለሴቶቹ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ? ሚያዝያ ላይ የሚወልዱ አሉኮ» አለችኝ። ስለ ራሷ ሹመት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ተናደድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በሆስፒታል ስኖር ኃላፊ መባል የሚወድ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ኃላፊ የሆነ ሰው ግን ጥቂት ነው፣ ይህቺ ልጅ አንዷ ናት።

ይሁን እንጂ እኛ የምንመከር ሰዎች ነን፤ ተግሣጽዎን ተቀብለን ስሕተታችንን አርመናል። ወዲያውኑ በማኅበራችን ታሪክ እጅግ ሥርዓቱን የጠበቀ የጥሪ ደብዳቤ አውጥተናል። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማኅተምም አለው፤ ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ራኪያ በሚባለው አረቄያችን አርሰነዋልና ቢሸትዎ ይቅርታ። አጀንዳው «የኔቨናን የአመራር ዓመት ስለ ማጽደቅ»፣ ቦታው የአንሶላ ክፍሉ፣ ቀኑ ያለፈው ማክሰኞ፣ ተጋባዡም ክቡርነትዎ ነበሩ። ደብዳቤው በወቅቱ ደርሶ ጽሕፈት ቤትዎ ፈርሞ ተረክቦታል።

ማክሰኞ ዕለት ማንም አልመጣም። እኛም ራሳችን አልሄድንም፤ ክፍሉ ተቆልፎ ዋለ። ነገር ግን የጥሪ ደብዳቤ የሌለው ስብሰባ እንዳልተደረገ የሚቆጠር ከሆነ፣ ደብዳቤው ያለውማ ተደርጓል። ተቃውሞ ያሰማ ሰው ስላልነበረ አጀንዳው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። በዚያ ስብሰባ ላይ ክቡርነትዎ ላሳዩት ጨዋነትና ንግግር ላለማስረዘምዎ ማኅበሩ ምስጋናውን ያቀርባል። የኔቨና የምስክር ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ የቀረው ፊርማዎ ብቻ ነው።

«እንዴት ተደርጎ! ማንም ሳይቀመጥ፣ ማንም ሳይናገር፣ ስብሰባ ተደረገ ይባላል?» ብለው ከተቆጡ ደግሞ፣ እኛም ከእርስዎ ጋር አብረን እንቆጣለን። ስብሰባ የሚሆነው ሰው ተቀምጦ ሲመክር ነው ማለትዎ ነውና፣ እንግዲያው ዓመቱን ሙሉ ስንሰበሰብ ከርመናል፣ ልጅቷም ዓመቷን ጨርሳለች። በየትኛውም በኩል ቢመጡ መንገዱ የሚያደርስዎ እዚያችው ወረቀት ላይ ነው፤ እባክዎ ብዕር ያንሡ።

ከማይለካ አክብሮት፣ ከመልካም ምኞትና በደንብ ተመዝግቦ በማያውቅ ፍቅር ጋር፣

ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣
ዝላትካ ሚንቼቫ
የደቡብ ተራሮች የጤና አመራሮች ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ለአቶ ቬሊን፣ ከሌላ አንድ ማሰሮ ጋር

ማስታወሻ፦ የኅብረቱ ደብዳቤ የተላከው ለቀድሞው ሊቀመንበራችን ለነፍስ ኄር ዶክተር ስፓስ ግሮዝዴቭ ነው፤ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በዓመቱ ውስጥ አንድም ስብሰባ እንዳልተካፈሉ ስለ እሳቸው የጻፉት ፍጹም ትክክል ነው።