የተቆረጠችው ትንሽ ክንፍ

ውድ አባቴ፣

ባለፈው እሑድ ስለ ዓሦቹ ስጠይቅህ «እዚህ ስፔን ፀሐዩ መቼም ልዩ ነው» ብለህ ወሬውን አዞርክብኝ። ጡረታ ወጥተህ ፀሐይ ብትሞቅ አልቀናም። ግን ዕድሜውን ሙሉ የሳልሞን ዘር ሲመርጥ የኖረ ሰው፣ ስለ ሳልሞን ሲጠየቅ ስለ አየሩ ካወራ ነገሩ ጤና አይደለም።

የበሽታ ፈተናውን ሕግ ያወጣኸው አንተው ነህ። በሽታውን አይተው የማያውቁ ዓሦች ገንዳ ይገባሉ፣ ቫይረሱ ይለቀቅባቸዋል፣ የሞቱት በየጠዋቱ ይለቀማሉ። ከተረፉት ጀርባ ላይ ወደ ጅራታቸው ያለችው ትንሽ ክንፍ ትቆረጥና የበሽታ መከላከያ ዘረ-መላቸው ይነበብባታል። ያቺ ክንፍ ተመልሳ አትበቅልም። «ክንፍ የሌላት ዓሣ ፈተናውን ያለፈች ናት፤ ሁለተኛ እንዳታስገቢያት» ትለኝ ነበር። ታማ የዳነች ዓሣ ሰውነቷ በሽታውን ያውቀዋል፤ ሁለተኛ አይገድላትም። ያ እውቀት ግን ለልጆቿ አይወርድም፤ የሚወርደው ዘረ-መሉ ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ፈተናህን ስታካሂድ እኔ በርገን ከተማ ወልጄ ተኝቼ ነበር። ስመለስ ዓሦችህ ሁሉም ማለት ይቻላል ተርፈዋል፣ የዘር ማራቢያ ጣቢያችን ኬክ ቆርሷል፣ ዘሩም በስምህ «ቶርስታይን» ተብሏል። በኩራት አለቀስኩ። ዘንድሮ የዘሩን እናት ዓሦች እንደገና ስመረምር ግን የመከላከያው ዘረ-መል የለም። ደወልኩልህ። «መሣሪያው አርጅቶ ነው» አልከኝ። መሣሪያው ዘንድሮ የተገዛ ነው፣ አባዬ።

ከዚያ ምሳ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶህን ልብ ብዬ አየሁት። ፈተናው የተጀመረ ቀን የተነሳኸው ነው፤ አንዲት ዓሣ ገንዳው ውስጥ ልትጨምር ይዘህ ትስቃለህ። ዓሣዋ ገና ሳትፈተን ትንሿ ክንፍ የላትም።

ፎቶውን ለወንድሜ ለኦድቫር አሳየሁት። አምና የሚያረባቸው ዓሦች በዚያ በሽታ እንዴት እንዳለቁ ታውቃለህ። ዘንድሮ ከደገመው የዓሣ ማርቢያ መረቦቹን ነቅሎ መሄዱ ነው። አሁን ተስፋው ሁሉ ያንተ ዘር እንቁላል ላይ ነው።

«አንቺ ደግሞ አታርፊም! አባባ በስሙ ዘር ስለተሰየመለት ነው የምትቃጠዪው?» አለኝ።

«ክንፏን ተመልከት እንጂ!»

«የፀሐይ ነጸብራቅ ነው የሸፈናት።»

«በኅዳር? እዚህ ሰሜን ጫፍ? የት ያየኸውን ፀሐይ ነው?»

«እንግዲያው አባባ ይንገረኝ። ከሱ አፍ ካልሰማሁ አላምንም» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። የጣቢያው ኃላፊም «በጸደይ ደግመን እንመረምራለን» ብሎኛል። እንቁላሉ ግን ሰኞ ለኦድቫር ይጫናል።

ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ምነው በተሳሳትኩ! ስም ትተህ ለመሄድ ቸኩለህም ከሆነ፣ በሱ እኔና አንተ ሌላ ቀን እንጣላለን። እወድሃለሁ፤ ግን አላምንህም። ሁለቱን አብሮ መሸከም ከብዶኛል።

ወደዚያ ለምትበር ጎረቤታችን ይህን ደብዳቤ የሰጠኋት ቀድሞ እንዲደርስህ ነው። እሑድ ኦድቫር ይደውልልሃል። ስለ ዓሦቹ ይጠይቅሃል።

እባክህ አባዬ፣ ስለ ፀሐዩ አታውራለት።

ልጅህ ራግንሂልድ